ቀዳዳ ከመፈጠሩ በፊት፦ የጥርስ በሽታን አስቀድመው የሚለዩ የምርመራ መሣሪያዎች

የጥርስ ሕመም ስሜት የሚቀሰቀሰው በሽታው ከጀመረ ከብዙ ጊዜ በኋላ ነው። የጥርስ የላይኛው ሽፋን የሆነውና ኢናሜል የሚባለው ክፍል በሰው አካል ውስጥ ካሉት ነገሮች ሁሉ የሚጠነክር ሲሆን፣ ከክብደቱ 96 በመቶ ያህሉ ማዕድን ስለሆነና ነርቭ ስለሌለው፣ ቢሟሟም ሆነ ቢሸረሸር ባለቤቱ ምንም አይሰማውም። በሽታው ከኢናሜል ሥር ያለውን፣ ዴንቲን የተባለውን ለስለስ ያለ ክፍል እስኪነካ፣ አልፎም የደም ሥርና ነርቭ ወዳለበት፣ ፐልፕ ወደሚባለው የጥርስ እምብርት እስኪቃረብ ድረስ ምልክት ሳይሰጥ ሊጓዝ ይችላል፤ ቀዝቃዛ ውኃ ሲጠጣ የሚጠዘጥዝ ወይም ሌሊት እንቅልፍ የሚነሳ ሕመም የሚመጣውም በአብዛኛው ከዚህ በኋላ ነው። ብዙ ሰው ወደ ጥርስ ሐኪም የሚሄደው እዚህ ደረጃ ላይ ሲደርስ በመሆኑ፣ ለሐኪሙ የሚቀሩለት አማራጮች ጥቂት ናቸው፤ የጥርሱን ሥር ማከም፣ ካልተቻለም መንቀል። ይህ ዝግጅት የሚያተኩረው ከዚያ በፊት ባለው ረጅም ጊዜ ላይ፣ ማለትም በሽታው ገና ሳይሰማ እንዴት ሊታይ እንደሚችል በማብራራት ላይ ነው። በዝግጅቱ የሚጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጉዳዩ የጥቂቶች አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት በ2022 ባወጣው ሪፖርት የአፍ ውስጥ በሽታዎች 3.5 ቢሊዮን ገደማ ሰዎችን እንደሚያጠቁ፣ ከእነዚህም ውስጥ 2 ቢሊዮን ያህሉ በቋሚ ጥርሶቻቸው ላይ መበስበስ እንዳለባቸው ገልጿል። መበስበሱ የሚጀምረው ፕላክ በሚባለው፣ ጥርስ ላይ በሚለጠፈው ስስ የባክቴሪያ ሽፋን ውስጥ ነው፤ ባክቴሪያዎቹ ከምግብና ከመጠጥ የሚያገኙትን ስኳር ወደ አሲድ ይለውጣሉ፣ የአሲዱ መጠን ሲጨምርና ፒኤች የተባለው መለኪያ በግምት ከ5.5 በታች ሲወርድ ደግሞ ከኢናሜል ውስጥ ካልሲየምና ፎስፌት እየሟሙ ይወጣሉ። ምራቅ አሲዱን ሲያለዝበው የወጣው ማዕድን በከፊል ይመለሳል። ጥርስ በየቀኑ ማዕድን እያጣ በየቀኑም እየተካ የሚኖር ሲሆን፣ የሚያጣው ከሚተካው በልጦ ሲቆይ በኢናሜሉ ላይ ኖራ የመሰለ፣ ወዙ የጠፋ ነጭ ምልክት ይወጣል። ይህ ምልክት የበሽታው የመጀመሪያ የሚታይ ገጽ ነው፤ ገጹ እስካልተሰበረ ድረስም በፍሎራይድ፣ በጥርስ ንጽሕናና ስኳር በመቀነስ ሊገታ፣ አንዳንዴም ሊያገግም ይችላል። ስለዚህ አስቀድሞ መለየት ማለት ቀዳዳን ቀድሞ አግኝቶ ቶሎ መቦርቦር ሳይሆን፣ ቀዳዳ ከመፈጠሩ በፊት በሽታውን አግኝቶ መቦርቦሪያው ጨርሶ እንዳይነሳ ማድረግ ነው፤ ከዚህ በታች የሚነገርላቸው መሣሪያዎች ሁሉ ዋጋቸው መመዘን ያለበትም በዚህ ሚዛን ነው።

ከመሣሪያዎች ሁሉ በፊት የሚመጣው የሐኪሙ ዓይን ነው፤ ዓይንም ቢሆን በአግባቡ የሚያየው ጥርሱ ሲጸዳ፣ በቂ ብርሃን ሲኖርና ገጹ በአየር ሲደርቅ ብቻ ነው። የማድረቁ ነገር ትንሽ ቢመስልም ሳይንሳዊ ምክንያቱ ጥልቅ ነው። ጤነኛ ኢናሜል ብርሃንን የሚያጥፍበት መጠን 1.62 አካባቢ፣ የውኃ 1.33፣ የአየር ደግሞ 1 ነው። ማዕድኑ በወጣበት ቦታ የተፈጠሩት ጥቃቅን ክፍተቶች ውኃ ሲሞላቸው በክፍተቱና በኢናሜሉ መካከል ያለው ልዩነት ስለሚያንስ ብርሃኑ ብዙ ሳይበታተን ያልፋል፣ ጥርሱም ጤነኛ ይመስላል፤ ውኃው በአየር ሲተካ ግን ልዩነቱ ስለሚሰፋ ብርሃኑ ይበታተንና ነጩ ምልክት ብቅ ይላል። ለአምስት ሰከንድ ያህል ከደረቀ በኋላ ብቻ የሚታይ ምልክት ገና ጥልቀት የሌለው ሲሆን፣ ጥርሱ በምራቅ እንደረጠበ የሚታየው ግን ወደ ውስጥ ዘልቆ የገባ ነው። ከ2000 ወዲህ የተለያዩ አገሮች ተመራማሪዎች ተሰባስበው ያዘጋጁት ዓለም አቀፍ የመበስበስ መመዘኛ ጥርስን ከ0 እስከ 6 ባሉ ደረጃዎች ሲከፍል፣ የመጀመሪያዎቹን ሁለት የበሽታ ደረጃዎች የለየው በዚሁ ቀላል ዘዴ ነው። ቀድሞ የተለመደው ሹል ብረት ይዞ ጥርሱን ጫን ብሎ መውጋት በአንጻሩ ዛሬ አይመከርም፤ ምክንያቱም ሊድን ይችል የነበረውን ነጭ ምልክት ገጹን ሰብሮ ወደ እውነተኛ ቀዳዳ ሊለውጠው ይችላል።

ነጭ ምልክት ሁሉ ግን መበስበስ አይደለም፤ ይህ ጉዳይ ለኢትዮጵያ ሐኪሞች ከብዙዎች ይልቅ ይከብዳል። በስምጥ ሸለቆ ውስጥ በወንጂ፣ በመተሐራና በሌሎችም አካባቢዎች የከርሰ ምድር ውኃ በእሳተ ገሞራ ዐለቶች ውስጥ ሲያልፍ ፍሎራይድ ይዞ ስለሚወጣ፣ በብዙ ጉድጓዶች ያለው መጠን የዓለም ጤና ድርጅት ካስቀመጠው በሊትር 1.5 ሚሊግራም ጣሪያ በላይ ነው። ጥርሳቸው በድድ ሥር በሚሠራበት የልጅነት ዕድሜ ይህን ውኃ የጠጡ ሰዎች ፍሎሮሲስ በሚባለው ችግር ይጠቃሉ፤ ጥርሳቸው ነጭ መስመሮች፣ ከበረታም ቡናማ ቀለምና ጉድጓዶች ይታዩበታል። ልምድ ያለው ሐኪም ሁለቱን የሚለየው በቦታቸውና በአቀማመጣቸው ነው። የፍሎሮሲስ ምልክት በግራና በቀኝ ጥንድ ጥርሶች ላይ ተመሳስሎ፣ ገጹን አግድም እያቋረጠ ሲታይ፣ የመበስበስ ነጭ ምልክት ፕላክ በሚጠራቀምበት በድድ ጠርዝና በጥርሶች መገናኛ ላይ ይገኛል። አንዱ ጥርስ ላይ ሁለቱም ሊኖሩ ይችላሉ። በዚህ ረገድ ከውጭ የመጣ መሣሪያ ሁሉ በፍሎሮሲስ በተጠቃ ጥርስ ላይ የሚሰጠው ውጤት በጥንቃቄ መተርጎም አለበት፤ ይህን ያላገናዘበ ምርመራ በሽታ የሌለበትን ጥርስ እስከማስቦርቦር ሊያደርስ ስለሚችል ነጥቡ በቀላሉ የሚታለፍ አይደለም።

ዓይን የማይደርስበት ዋናው ቦታ ጎን ለጎን ያሉ ጥርሶች የሚነካኩበት ገጽ ሲሆን፣ ይህን የከፈተው ራጅ ነው። ቪልሄልም ሮንትገን በጀርመን በቩርትስቡርግ ከተማ ራጅን ያገኘው በኅዳር 1895 ነበር። ዜናው በተሰማ በሁለት ሳምንት ውስጥ፣ በጥር 1896፣ ኦቶ ቫልክሆፍ የተባለ የብራውንሽቫይግ የጥርስ ሐኪም የራሱን ጥርሶች በራጅ አነሳ፤ ለዚህም በጥቁር ወረቀትና በጎማ የተጠቀለለ የፎቶግራፍ መስታወት አፉ ውስጥ ይዞ 25 ደቂቃ ያህል ሳይንቀሳቀስ መቆየት ነበረበት። በዚያው ዓመት በአሜሪካ ኒው ኦርሊየንስ ኤድመንድ ኬልስ የተባለ ሐኪም ዘዴውን ለታካሚዎቹ ማዋል ጀመረ። የጨረሩን ጉዳት የሚያውቅ ባልነበረበት በዚያ ዘመን መሣሪያውን የሚያስተካክለው የገዛ እጁን በጨረሩ ፊት እያስቀመጠ ስለነበር፣ ካንሰር ይዞት በተደጋጋሚ ቀዶ ሕክምና ጣቶቹን፣ በኋላም ክንዱን አጣ፤ በ1928ም ሕይወቱ አለፈ። ዛሬ የጥርስ ራጅ የሚነሳ ሰው የሚያገኘው ጥንቃቄ እንዲህ ባሉ ሰዎች አካል ላይ የተጻፈ ትምህርት ውጤት ነው።

በ1925 ሃዋርድ ራፐር የተባለ አሜሪካዊ ሐኪም ያስተዋወቀው፣ ታካሚው ትንሽ ክንፍ የመሰለች ማያያዣ በጥርሱ ነክሶ የሚነሳው ራጅ፣ እስካሁን በጥርሶች መካከል የተደበቀን መበስበስ ለመፈለግ ከሁሉ ይልቅ የሚታመንበት ነው። በአንድ ምስል ላይ የላይኞቹንና የታችኞቹን የመንጋጋ ጥርሶች አክሊል፣ ማለትም ከድድ በላይ ያለውን ክፍላቸውን፣ አብሮ ያሳያል። አድማጭ ምስሉን በዓይነ ልቦናው ለመሳል ያህል፣ ማዕድን የበዛበት ኢናሜል ጨረሩን ስለሚያስቀር ነጭ ሆኖ፣ ዴንቲን ግራጫ ሆኖ፣ ማዕድኑን ያጣው ቦታ ደግሞ ጥቁር ጥላ ሆኖ ይታያል። ሆኖም ጥላው እንዲታይ በቦታው ከነበረው ማዕድን በግምት ከ30 እስከ 40 በመቶ የሚሆነው መጥፋት አለበት፤ በዚህም ምክንያት ራጅ የሚያሳየው የጉዳት መጠን ከእውነተኛው ያነሰ ነው፣ በመጀመሪያው ደረጃ ላይ ያለውን ደግሞ ጨርሶ ሊያልፈው ይችላል። በተጨማሪም ጥላው ገጹ ተሰብሮ ቀዳዳ መፈጠሩንና አለመፈጠሩን በራሱ አይናገርም፣ የሕክምናው ውሳኔ ግን በአብዛኛው በዚህ ላይ ይመሠረታል።

በ1980ዎቹ መጨረሻ ፈረንሳዊው ፍራንሲስ ሙየን የሠራው መሣሪያ ፊልሙን በኤሌክትሮኒክ መቀበያ በመተካት ዲጂታል የጥርስ ራጅን ጀመረ። ምስሉ በሰከንዶች ውስጥ ኮምፒዩተር ላይ ይወጣል፣ ማጠቢያ ኬሚካልና ጨለማ ክፍል አያስፈልገውም፣ ሊጎላና ሊነጻጸር ይችላል፣ የሚፈልገው ጨረርም ከፊልሙ ያነሰ ነው። በዚህ ዘዴ አንድ ትንሽ የጥርስ ራጅ ለሰውነት የሚሰጠው ጨረር ከጥቂት ማይክሮሲቨርት አይበልጥም፤ ማይክሮሲቨርት ሰውነት የተቀበለውን ጨረር መለኪያ ሲሆን፣ ሰው ከአፈር፣ ከአየርና ከሰማይ በተፈጥሮ የሚያገኘው በአማካይ በዓመት 2,400 ማይክሮሲቨርት ያህል ስለሆነ፣ አንዱ ምስል ከአንድ ቀን የተፈጥሮ ጨረር ጋር የሚቀራረብ ነው ማለት ይቻላል። የአሜሪካ የጥርስ ሐኪሞች ማኅበር ባለሙያዎች በ2024 ባወጡት ምክር፣ ጨረሩ ወደሚፈለገው ቦታ ብቻ እንዲያተኩር ከተደረገ ለታካሚ የሚለበሰው የእርሳስ ሽርጥ የግድ እንደማያስፈልግ ገልጸዋል። በአሜሪካ የሚኖሩ አድማጮች ሽርጡ በአንዳንድ ክሊኒኮች ሲቀር ቢያዩ ቸልተኝነት አድርገው ሊወስዱት አይገባም። ምክሩ ግን በአግባቡ ለተስተካከለ ዘመናዊ መሣሪያ የተሰጠ መሆኑ መረሳት የለበትም።

ራጅ የሚያልፈውን የመጀመሪያ ደረጃ ለመድረስ ተመራማሪዎች ወደ ብርሃን ዞረዋል። ከእነዚህ መሣሪያዎች አንዱ 780 ናኖሜትር ገደማ የሞገድ ርዝመት ያለውን፣ ዓይን የማያየውን ከቀይ በታች ያለ ብርሃን በድድና በአጥንት በኩል ወደ ጥርሱ ይልካል። ጤነኛው ኢናሜል ብርሃኑን ስለሚያሳልፍ ጥርሱ በሙሉ ሲበራ፣ ማዕድኑ የጠፋበት ቦታ ብርሃኑን ስለሚበትነው ጠቁሮ ይታያል፤ ከላይ የተቀመጠች ትንሽ ካሜራም ይህን ትቀርጻለች። የራጅ ጨረር ስለማይጠቀም ለልጆችና ለነፍሰ ጡሮች ያለ ሥጋት ሊደጋገም ይችላል፤ ሆኖም ከድድ በታችና በጥርሱ ሥር አካባቢ ያለውን ስለማያሳይ ራጅን ሙሉ በሙሉ አይተካም። በ1998 ገበያ ላይ የዋለው ሌላው ዓይነት ደግሞ 655 ናኖሜትር ያለውን ቀይ ሌዘር በማኘኪያው ገጽ ስንጥቆች ላይ ያበራና፣ ባክቴሪያዎች የሚያመነጯቸው ፖርፊሪን የተባሉ ውሕዶች መልሰው የሚሰጡትን ብርሃን ከ0 እስከ 99 በሚደርስ ቁጥር ይገልጻል። ቁጥር መስጠቱ ታካሚውን በቀላሉ የሚያሳምን ቢሆንም አደጋውም እዚሁ ላይ ነው፤ ታርታር የሚባለው የደረቀ የጥርስ ቆሻሻ፣ የቡናና የሻይ ቀለም፣ የቆየ ሙሌትም ጭምር ቁጥሩን ያለ በሽታ ከፍ ሊያደርጉት ይችላሉ። ስለዚህ በቁጥሩ ብቻ ተመርቶ ጥርስ የሚቦረቡር ሐኪም መሣሪያውን ያለ ሥራው አውሎታል።

የአጠቃላይ መንገጭላ ምስል የሚሰጠው ፓኖራሚክ ራጅ በፊንላንዳዊው ኢርዮ ፓቴሮ የዳበረ ሲሆን፣ መሣሪያው ጭንቅላትን እየዞረ ሁለቱን መንገጭላዎች በአንድ ረጅም ምስል ያወጣል። ለጥቃቅን መበስበስ ጥራቱ ባይበቃም፣ ያልወጡ ጥርሶችን፣ ዕጢዎችንና የጎደሉ ጥርሶችን ለማግኘት በጣም ይጠቅማል። ምስሉ ለኢትዮጵያውያን ልጆች ልዩ ጠቀሜታ እንዲኖረው የሚያደርግ አንድ ጉዳይ አለ። የወተት ጥርስ ማስነቀል ወይም ግግ ማስወጣት እየተባለ በሚታወቀው ጎጂ ልማድ፣ ሕፃኑ ሲያተኩሰው ወይም ሲያስቀምጠው በክራንቻው ቦታ ያበጠው ድድ የበሽታው ምንጭ ነው ተብሎ ይታሰብና፣ ገና ያልወጣው የወተት ክራንቻ እንቡጥ በስለት ይወጣል። ቋሚው ክራንቻ የሚሠራው ከዚያው አጠገብ ስለሆነ አብሮ ይጎዳል፤ ከዓመታት በኋላ ቅርጹ ተበላሽቶ፣ ቦታውን ስቶ ወይም ጨርሶ ጠፍቶ ይገኛል። በእስራኤል የሚሠሩ የጥርስ ሐኪሞች ከኢትዮጵያ በፈለሱ ቤተሰቦች ልጆች ላይ ይህንኑ ጉዳት አይተው በሙያ መጽሔቶች ዘግበዋል። ልጁ የወተት ጥርሱን መቀየር ሲጀምር የሚነሳ ፓኖራሚክ ምስል ጉዳቱን ቋሚው ክራንቻ ከሚወጣበት ጊዜ ከዓመታት በፊት ስለሚያሳይ፣ ጥርስን የማስተካከል ሕክምና በጊዜው ሊታቀድ ይችላል።

ኮን ቢም ሲቲ የተባለው ባለ ሦስት ገጽታ ራጅ በ1990ዎቹ መጨረሻ በጣሊያንና በጃፓን ተሠርቶ ተስፋፍቷል። እንደ ዳቦ መንገጭላውን በስስ ቁራጭ ቁራጭ አድርጎ ለማየት ስለሚያስችል፣ የጥበብ ጥርስ ሥር ከነርቩ መተላለፊያ ምን ያህል እንደሚርቅ ወይም የተሰነጠቀ የጥርስ ሥር የት እንዳለ ለማወቅ እጅግ ይጠቅማል። የሚሰጠው ጨረር ግን ከተራው የጥርስ ራጅ ብዙ እጥፍ ነው፤ በአውሮፓ ኮሚሽን በ2012 የታተመው መመሪያም መበስበስን ለመፈለግ ብቻ እንዳይታዘዝ ይመክራል። ዋጋው ከፍ ያለና አዲስ የሆነ ምርመራ ሁሉ የተሻለ ነው የሚለው እምነት እዚህ ላይ አይሠራም።

የድድ በሽታን በተመለከተ፣ በሚሊሜትር የተከፋፈለ ቀጭን መለኪያ በጥርስና በድድ መካከል በቀስታ ገብቶ የሚያነበው ጥልቀት እስካሁን የምርመራው መሠረት ነው፤ በጤነኛ ድድ ከ1 እስከ 3 ሚሊሜትር ሲሆን፣ ከዚያ ማለፉና በተለይም መድማቱ የመጀመሪያው ማስጠንቀቂያ ነው። ራጅ እዚህ ላይ የሚያሳየው ቀድሞ የጠፋውን አጥንት ስለሆነ ከመለኪያው ኋላ ይቀራል። የአፍ ካንሰርን ለመለየት የሚሸጡ ሰማያዊ ብርሃን የሚጠቀሙ መብራቶችም ቢሆኑ ተራ ቁስለትን ከአደገኛው አጥርተው ስለማይለዩ፣ የአሜሪካ የጥርስ ሐኪሞች ማኅበር በ2017 በናሙና ምርመራ ምትክ እንዳያገለግሉ መክሯል፤ በሁለት ሳምንት ውስጥ ያልዳነ የአፍ ቁስል ያለው ሰው ከመብራቱ ይልቅ የሚያስፈልገው ቁስሉን የሚያይና ናሙና የሚወስድ ሐኪም ነው።

በቅርብ ዓመታት የመጣው ሰው ሠራሽ አስተውሎት ነው። በባለሙያዎች ምልክት በተደረገባቸው እጅግ ብዙ ራጆች የሠለጠነ ፕሮግራም በአዲስ ምስል ላይ የሚጠረጥራቸውን ቦታዎች ቀለም ቀብቶ ያሳያል፤ የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደርም ከ2021 ጀምሮ የአጥንት መጠንን ለሚለኩ፣ ቀጥሎም መበስበስን ለሚጠቁሙ እንዲህ ያሉ ፕሮግራሞች ፈቃድ ሰጥቷል። ቀኑን ሙሉ ምስል ሲያይ የዋለ ሐኪም የሚያልፈውን ጥላ የሚያስታውስ ሁለተኛ ዓይን ሆኖ ማገልገሉ ትልቅ ጥቅም ነው። ፕሮግራሙ ግን የሚያውቀው ያሳዩትን ብቻ ስለሆነ፣ በፍሎሮሲስ የተጎዱ ጥርሶች ባልተካተቱበት ስብስብ ከሠለጠነ በስምጥ ሸለቆ ታካሚዎች ላይ የሚሰጠው ምልክት በአካባቢው ሐኪም ዕውቀት መታረም ይኖርበታል።

መሣሪያው ቀድሞ ያየው ምልክት ለታካሚው የሚጠቅመው የሕክምናው ዓይነት ሲለወጥ ነው። ገጹ ያልተሰበረ ነጭ ምልክት በሐኪም በሚቀባ ከፍተኛ መጠን ያለው ፍሎራይድ ሊታከም ይችላል፤ በጥርሶች መካከል ያለው ደግሞ ጥቃቅን ክፍተቶቹን በሚሞላ ስስ ፈሳሽ ፕላስቲክ ሊታሸግ ይችላል። በተለይ ለልጆች፣ ቀዳዳው ተፈጥሮም ቢሆን፣ ሲልቨር ዳያሚን ፍሎራይድ የተባለው ጠብታ መበስበሱን ሊያቆመው ይችላል፤ የበሰበሰውን ክፍል የሚያጠቁር ቢሆንም መቦርቦሪያና ማደንዘዣ መርፌ ስለማይፈልግ፣ የዓለም ጤና ድርጅት በ2021 በመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝሩ ውስጥ አካቶታል። መሣሪያው ረቅቆ ሕክምናው ግን የድሮው መቦርቦር ሆኖ ከቀጠለ፣ ቀደም ብሎ ማየት ሊድኑ ይችሉ የነበሩ ብዙ ጥርሶችን ያለ ጊዜያቸው ማስሞላት ብቻ ይሆናል።

በቋሚ ጥርስ ላይ መበስበስ ኢናሜሉን አልፎ ለመሄድ ብዙውን ጊዜ ዓመታት ስለሚፈጅበት፣ በኢናሜል ውስጥ ያለ ጥላ የታየበት ሰው የሚያስፈልገው መልስ በሚቀጥለው ምስል ላይ ነው፤ ጥላው ካልሰፋ በሽታው ቆሟል፣ ከሰፋ ደግሞ እየገሰገሰ ነው። የመድገሚያው ጊዜ በሰውየው የአደጋ መጠን ይወሰናል። በቅርቡ ጥርስ የተበላበት፣ ጣፋጭ የሚያዘወትር ወይም ምራቁ የደረቀ ሰው ከስድስት ወር እስከ አንድ ዓመት ተኩል ባለው ጊዜ ውስጥ ሊደገምለት ሲገባ፣ ጤነኛ አፍ ያለው አዋቂ ሁለትና ሦስት ዓመት ሊቆይ ይችላል፤ በየጉብኝቱ ራጅ እንዲነሳ የሚጠየቅ ሰው ምክንያቱን የመጠየቅ መብት አለው። ንጽጽሩ የሚቻለው የቀድሞው ምስል ሲገኝ በመሆኑ፣ ክሊኒክ የሚቀይር ወይም ወደ ሌላ አገር የሚሄድ ታካሚ ዲጂታል ራጆቹን ቀኑ ከተጻፈበት መረጃ ጋር በስልኩ ወይም በፍላሽ ተቀብሎ መያዝ፣ ለአዲሱ ሐኪምም አስቀድሞ ማሳየት ይኖርበታል።